የምዝገባ ጊዜ ካለፈ በኋላ ለልጅ የግል ትምህርት ቤት ቦታ ማግኘት፦ ከነሐሴ እስከ የካቲት ምን ይደረግ?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በር ላይ «የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ተጠናቋል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። ወረቀቱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የሚናገረው ዝርዝሩ ላይ የሰፈሩት ስሞች ከመቀመጫዎቹ ጋር እኩል መሆናቸውን ብቻ ነው። ከእነዚያ ስሞች ውስጥ ስንቱ መስከረም ላይ በእግሩ ክፍል እንደሚገባ የምዝገባ ኃላፊው ሬጅስትራርም ገና አያውቅም። ቤት የቀየረ፣ ወደ ውጭ የሄደ፣ ሁለት ትምህርት ቤት አስመዝግቦ አንዱን የሚተው፣ የክፍያውን ጭማሪ አይቶ ሐሳቡን የሚለውጥ፣ ሰርቪስ ያጣ ወላጅ በየዓመቱ አለ። የዘገየ ወላጅ የሚጠብቀው የእነዚህን ልጆች ወንበር ነው። ወንበሩ ሲለቀቅም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ማስረጃው ለተሟላ፣ ሲደወልለት ለሚያነሳና በዚያው ቀን መክፈል ለሚችል ወላጅ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከናርሰሪ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ፣ በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ለሚያስተምሩ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ነው። በራሳቸው የውጭ ካላንደር የሚሠሩት ዓለም አቀፍና የኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤቶች የተለየ አካሄድ ስላላቸው እዚህ አልተካተቱም።

በመጀመሪያ ምን ያህል እንደዘገያችሁ ለዩ

«ዘግይተናል» የሚለው ቃል ሐምሌ ላይና ጥቅምት ላይ አንድ አይደለም።

ሐምሌ ላይ ከሆናችሁ ገና ጊዜ አላችሁ። በዚህ ወር ትምህርት ቤቶች ነባር ተማሪዎቻቸውን መልሰው ይመዘግባሉ። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «የነባር ተማሪዎች ምዝገባ የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?» ያ ቀን ካለፈ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ሳይመዘገቡ የቀሩት ነባር ተማሪዎች ይቆጠራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍት ቦታዎች የሚታዩትም ያኔ ነው።

ነሐሴና ጳጉሜ ላይ ቢሮዎቹ ክፍት ቢሆኑም ሙሉ ሰው የላቸውም። ርዕሰ መምህሩ ዕረፍት ላይ ሊሆን ይችላል፤ የምታገኙት ጥበቃውንና የሪከርድ ክፍል ሠራተኛዋን ነው። ይህን ጊዜ ወረቀት ለማሟላትና ማመልከቻ ለማስገባት ተጠቀሙበት።

መስከረም ላይ የመጀመሪያው የትምህርት ሳምንት ትርምስ ነው። በዚያ ሳምንት ረጅም ጉዳይ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ብዙ ጊዜ «ቦታ የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ ማንም ዝርዝር ገልጦ ለማየት ፋታ የለውም። ቦታው የሚለየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ስም እየጠራች ያልመጡትን ለዩኒት ሊደሩ (የተወሰኑ ክፍሎችን ለሚመራው ኃላፊ) ታሳውቃለች፤ ቢሮው ወላጆቹ ጋ ይደውላል፤ «አንመጣም» ያሉት ወይም ክፍያ ያልፈጸሙት ይሰረዛሉ። መስቀልን (መስከረም 17) እንደ መቁረጫ የሚጠቀሙ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ከመስቀል ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ የሥራ ቀን እንዳያመልጣችሁ። በእኛ ግምት ለዘገየ ወላጅ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ጊዜ ይኸው የመስከረም ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ከጥቅምት በኋላ በሩ እየጠበበ ይሄዳል። ለዚህ ምክንያት አለው፦ ተከታታይ ምዘናው ተጀምሯል፤ መሐል ላይ የገባ ልጅ ያልተፈተነበት ማርክ ይኖረዋል፤ መምህሩም ያን ማሟላት ይከብደዋል። ቀጣዩ እውነተኛ ዕድል ሁለተኛው ሴሚስተር የሚጀምርበት የካቲት ነው። ለየካቲት መጠየቅ የሚጀመረው ደግሞ በጥር መጀመሪያ ነው።

የክፍሉ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ስም ባላቸው ትምህርት ቤቶች 1ኛ ክፍል ዘግይቶ መግባት በጣም አስቸጋሪ ነው። የራሳቸው የዩኬጂ (ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው የመዋዕለ ሕፃናት የመጨረሻ ዓመት) ልጆች ቅድሚያ ያገኛሉ፤ በዚያ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ብቻ ካላቸው ትምህርት ቤቶች የጨረሱ ልጆች በሙሉ በአንድ ጊዜ ለ1ኛ ክፍል ቦታ ይፈልጋሉ። ናርሰሪም በአንዳንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች በዕጣ ስለሚሞላ ዕጣው ካለፈ እዚያ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ግን ቦታ የሚከፈተው ልጅ ሲለቅ ስለሆነ በየትኛውም ሳምንት ሊገኝ ይችላል።

ስድስት ትምህርት ቤት ምረጡ፤ ርቀቱን በጠዋት ለኩ

አንድ ትምህርት ቤት ላይ ተስፋ አድርጎ መጠበቅ የዘገየን ወላጅ ያስቀራል። በሌላ በኩል አሥራ አምስት ትምህርት ቤት ማዳረስም ክትትሉን ያበላሻል። ስድስት በቂ ነው፦ ሁለቱ በጣም የምትፈልጓቸው፣ ሦስቱ ደህና የምትሏቸው፣ አንዱ ደግሞ በሰፈራችሁ ያለና በእግር የሚደረስ።

ርቀት ሲመዘን ካርታ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር አይረዳም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ላይ ከቤት ተነስታችሁ በተራ የሥራ ቀን ሂዱና ሰዓቱን ያዙ። ነሐሴ ላይ የሚለካ መንገድ ያታልላል፤ ትምህርት ስለተዘጋ መንገዱ ባዶ ነው። ነሐሴ ላይ 20 ደቂቃ የፈጀ ከሆነ መስከረም ላይ ከዚያ ብዙ እንደሚበልጥ አስቡ። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከቤት እስከ ክፍል ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ መንገድ አንመክርም። ዘግይታችሁ ስለምትገቡ የሰርቪስ መኪናው ቀድሞ ሞልቶ ይሆናል፤ የእናንተ ልጅ መስመሩ ላይ መጀመሪያ ተጭኖ መጨረሻ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ 30 ደቂቃው በቀላሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ሰርቪስ ስትጠይቁ «አለ ወይ?» ብላችሁ አትተዉት። «በእኛ መስመር ወንበር አለ ወይ? ልጄ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል? ስንት ሰዓት ላይስ ቤት ይደርሳል?» በሉ።

ፋይሉን ሙሉ አድርጉ

ወንበር ተገኝቶ በወረቀት ጉድለት ሲያመልጥ የሚያሳዝን ነው፤ በተግባርም በብዛት የሚያጋጥም ነው። አንድ ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ የሚከተሉትን አስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቅጂ ያዙ፤ ስልካችሁ ላይም በጥራት ስካን አድርጋችሁ አኑሩ።

የልደት ምስክር ወረቀት። ከሌላችሁ መጀመሪያ የምትሮጡበት ይህ ነው። በነዋሪነት በተመዘገባችሁበት ወረዳ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይወጣል፤ ሆስፒታሉ ወይም ጤና ጣቢያው የሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያና የወላጆችን መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ ምዝገባው እንደ ዘገየ ስለሚታይ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለዚህ ሁለት ሦስት ምልልስ አስቡ።

የክትባት ካርድ። ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ ለናርሰሪና ለኤልኬጂ (ከዩኬጂ በፊት ላለው ዓመት)፣ ይጠይቁታል። የሚያዩት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡትን ክትባቶች፣ ከዚያም የ9 ወሩንና የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ነው። ካርዱ ከጠፋ ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ስላለው የተወለደበትን ወርና የእናቱን ሙሉ ስም ይዛችሁ ሄዳችሁ አስፈልጉ።

የውጤት ካርድና መልቀቂያ። ልጁ ከዚህ በፊት ተምሮ ከሆነ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ካርዱ ላይ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ወደ ቀጣዩ ክፍል መዛወሩ ተጽፏል? ርዕሰ መምህሩ ፈርሟል? ማኅተሙ በግልጽ አርፏል? ማኅተም የሌለው ካርድ ይዞ የመጣ ወላጅ ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ነሐሴ ላይ ከሆነ ደግሞ ማኅተሙን የያዘው ሰው ላይገኝ ይችላል። መልቀቂያ ለማግኘት ያልተከፈለ ወርሃዊ ክፍያ መዘጋት፣ የተዋሱት መጻሕፍትም መመለስ አለባቸው። ስለዚህ አዲስ ቦታ ባታገኙም እንኳ ለመልቀቅ ቁርጥ ሐሳብ ካደረጋችሁ ክሊራንሱን (ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳየውን ወረቀት) ሐምሌ ላይ ጨርሱ። ያልቆረጣችሁ ከሆነ ግን አትቸኩሉ፤ መልቀቂያ የወሰደ ልጅ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ከዚህ ሌላ የወላጆች መታወቂያ፣ ልጁን የሚያመላልሰው ሰው ፎቶና መታወቂያ፣ የልጁ አራት ጉርድ ፎቶ ይጨመራል።

አሁን ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ኃይለ» የተባለው ካርዱ ላይ «ሀይሌ» ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም አንዱ ላይ ከቀረ፣ አሁኑኑ አስተካክሉ። ልጁ መጀመሪያ የሚመዘገብበት ስም እስከ 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ፈተና ድረስ አብሮት ይሄዳል፤ ያኔ ማስተካከል እጅግ አድካሚ ነው።

የልደት ቀኑም እንዲሁ። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዐረብ አገር የመጣ ልጅ ቀኑ የተጻፈው በፈረንጆች ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ (እስከ ዲሴምበር መጨረሻ) ለተወለደ ልጅ ከፈረንጆቹ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ለተወለደ 8 ይቀነሳል። በኦክቶበር 2018 የተወለደ ልጅ በእኛ 2011 ዓ.ም. ነው። በችኮላ 8 ተቀንሶ 2010 ከተጻፈ ልጁ በወረቀት አንድ ዓመት ይተልቃል። ከዐረብ አገር የመጡ የትምህርት ማስረጃዎች በዐረብኛ ብቻ ከሆኑ አስተርጉማችሁ ያዙ።

ማንን፣ መቼ፣ እንዴት ታናግራላችሁ?

በስልክ የሚጠይቅ ወላጅ የሚያገኘው መልስ በሩ ላይ የተለጠፈው ነው። በአካል ሂዱ፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ። ጥበቃው «ምዝገባ አልቋል» ሲላችሁ «አውቀናል፤ ለተጠባባቂነት ማመልከቻ ልናስገባ ነው» በሉት፤ ያስገባችኋል። ጥበቃውን በአክብሮት ሰላም በሉ። በኋላ ስትመላለሱ በር ላይ የምታገኙት እሱን ነው።

ውስጥ ገብታችሁ ስለ ክፍት ቦታ የምታናግሩት ሬጅስትራሩን ወይም ለልጃችሁ ክፍል ኃላፊ የሆነውን ዩኒት ሊደር ነው። ባለቤቱን ወይም ዋና ዳይሬክተሩን ቀድሞ መፈለግ ብዙ አያዋጣም፤ ዝርዝሩ ያለው ሬጅስትራሩ ጋ ነው። «አንድ ቦታ አታጡም» እያላችሁ ከመለመን ይልቅ መልስ የሚሰጥባቸው ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ለ2ኛ ክፍል ስንት ሴክሽን (ምድብ) አላችሁ? ተጠባባቂ ዝርዝር ትይዛላችሁ? አሁን በፊታችን ስንት ልጅ አለ? ያልመጣን ተማሪ መቼ ትሰርዛላችሁ? መልሶቹን ቀን ጽፋችሁ ደብተር ላይ መዝግቡ፤ ስድስት ትምህርት ቤት ሲሆን ይምታታል።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን፤ የቤተሰቡን ታሪክ አትዘርዝሩ። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

ቀን፦ ________
ለ________ ትምህርት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለ2ኛ ክፍል በተጠባባቂነት እንዲያዝልን ስለመጠየቅ

ልጃችን ተማሪ ________ በ____ ዓ.ም. 1ኛ ክፍልን በ________ ትምህርት ቤት አጠናቆ ወደ 2ኛ ክፍል ተዛውሯል። የመኖሪያ ሰፈር በመቀየራችን በመደበኛው የምዝገባ ጊዜ ማመልከት አልቻልንም። በክፍሉ ክፍት ቦታ ሲገኝ እንድንጠራ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ እንዲያዝልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የውጤት ካርድ፣ የመልቀቂያና የክትባት ካርድ ቅጂ አያይዘናል። ስንጠራ በዕለቱ ቀርበን ምዝገባውን እንፈጽማለን።

ከሰላምታ ጋር
የወላጅ ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ የእናትና የአባት ስልክ

ማመልከቻውን ስታስገቡ ሁለተኛውን ቅጂ «ደርሶናል» አስብላችሁ፣ ቀንና ፊርማ አስደርጋችሁ ያዙ። ሁለት ስልክ መጻፉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሬጅስትራሩ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ከዝርዝሩ አናት ጀምሮ ይደውላል፤ ያላነሳውን አልፎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። በእነዚያ ሳምንታት የማታውቁትን ቁጥርም አንሱ።

ክትትሉን በየሁለት ቀኑ አታድርጉት፤ ያሰለቻል። ነሐሴ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ በስልክ፣ ከመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በአካል ቢሆን በቂ ነው። ታላቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ እዚያው የሚማሩ ከሆነ ማመልከቻው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ላይ ጻፉት፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለእኅትማማቾች ቅድሚያ ይሰጣሉ።

የመግቢያ ፈተናው

ቦታ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ልጁ በማግስቱ ለፈተና ይጠራል። ለናርሰሪና ለኤልኬጂ የሚታየው ስሙን መናገሩ፣ ቀለም መለየቱ፣ እርሳስ አያያዙ፣ ሽንት ቤት ብቻውን መጠቀሙና ከእናቱ ተለይቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየቱ ነው። ለ1ኛ ክፍል ፊደል ማንበብ፣ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መለየት፣ እስከ 100 መቁጠርና ቀላል መደመር ይጠየቃል። ከ2ኛ ክፍል በላይ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ በጽሑፍ ይፈተናል።

ከፈተናው በፊት ባለው ማታ ልጁን ማስጨነቅ ጥቅም የለውም። በጊዜ ይተኛ፤ ቁርሱን በልቶ ይሂድ። ፈተናው ከሰዓት በኋላ ከተባለ ወደ ጠዋት እንዲዛወር ጠይቁ፤ የአምስት ዓመት ልጅ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ሌላ ልጅ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ የሚናገረው ቋንቋ ሌላ ከሆነ ወይም ከውጭ የመጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ለፈታኟ ንገሯት። አማርኛ ፊደል የማያነብ፣ ግን ሒሳቡ ጥሩ የሆነ የዳያስፖራ ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ «አልበቃም» ሲባል ይታያል።

ለዘገዩ ወላጆች በተደጋጋሚ የሚቀርብ ሐሳብ አለ፦ «1ኛ ክፍል ሞልቷል፤ ዩኬጂ ይግባና ለከርሞ ያልፋል።» ይህን የምትመዝኑት በዕድሜና በንባብ ነው። በትምህርት ፖሊሲው የ1ኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ነው። ልጁ መስከረም ላይ 7 ያልሞላውና ፊደል ገና የሚያደናቅፈው ከሆነ አንድ ዓመት ዩኬጂ መቆየቱ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ይረጋጋል። 7 ሞልቶት ማንበብ የሚችል ልጅ ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱ የወንበር ችግሩን በልጃችሁ ዓመት እየፈታ ነውና ሌላ ፈልጉ።

ከመክፈላችሁ በፊት፦ ወንበሩ ለምን ባዶ ሆነ?

መስከረም ላይ «ቦታ አለ፣ ነገ አምጡት» የሚል ትምህርት ቤት ስታገኙ ደስታው ያስቸኩላል። ሁሉም ክፍት ቦታ በጥሩ ምክንያት የተከፈተ አይደለም። በቀጥታ ጠይቁ፦ «አምና ከዚህ ክፍል ስንት ልጅ ለቀቀ? በምን ምክንያት?» አንድ ሁለት ልጅ ቤት ቀይሮ ከሆነ የተለመደ ነው። ሙሉ ሴክሽን ባዶ ከሆነ የመምህራን መልቀቅ፣ የክፍያ ጭማሪ ወይም የፈቃድ ችግር ሊኖር ይችላል፤ ውጭ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆችን ብትጠይቁ እውነቱን ይነግሯችኋል።

ፈቃዱን አይታችሁ አረጋግጡ። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ለየትኛው እርከን እንደተሰጠ አንብቡ፦ ለቅድመ አንደኛ ብቻ ነው ወይስ ከ1ኛ እስከ 6ኛንም ያካትታል? ዘንድሮ ወደ 1ኛ ወይም 2ኛ ክፍል ያደገ ትምህርት ቤት ለአዲሱ ክፍል ፈቃድ ሳያገኝ መመዝገብ ሊጀምር ይችላል። ያለ ፈቃድ የተማረበት ዓመት ልጁ ሲዛወር ወይም 6ኛ ክፍል ሲፈተን ጣጣ ያመጣል። ቅርንጫፍ ከሆነም የቅርንጫፉን ፈቃድ ጠይቁ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አይበቃም።

የኢንስፔክሽን ደረጃውንም ጠይቁ። ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 4 ናቸው፤ 1 እና 2 ከደረጃ በታች፣ 3 ደረጃውን ያሟላ፣ 4 ደግሞ ከዚያ የበለጠ ማለት ነው። ደረጃ 2 ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ መጥፎ ነው አንልም፤ ምን እንደጎደለው ግን ማወቅ አለባችሁ። የጎደለው የስፖርት ሜዳ ከሆነና የመምህራን ብቃት ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከዚያ ክፍሉን እዩ። ባዶ ክፍል ምንም አያሳያችሁም፤ ልጆች ባሉበት ሰዓት ሂዱ፤ ወንበሮቹን ቁጠሩ። የእናንተ ልጅ ወንበር የት ጋ እንደሚገባ «አሳዩን» በሉ። በኋላ በኩል ግድግዳ ጥግ ባለ አንድ ዴስክ ላይ አራተኛ ልጅ ሆኖ የሚጨመር ከሆነ ክፍሉ የተቀበለው ከአቅሙ በላይ ነው። ሽንት ቤቱን ግቡና ውኃ ክፈቱ። የትንንሾቹ ክፍል ምድር ቤት መሆኑን፣ ደረጃ ካለም መደገፊያ እንዳለው፣ የውጭው በር በቀጥታ አስፋልት ላይ እንደማይከፈት እዩ።

ገንዘቡን አስሉ፤ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ

የትምህርት ዓመቱ ክፍያ ብዙ ጊዜ በ10 ወር ይታሰባል። በአራት ተርም የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ከሆነ አንድ ተርም የሁለት ወር ተኩል ነው። ለምሳሌ ወርሃዊው 4,000 ብር ቢሆን ለመጀመሪያው ተርም 10,000 ብር ይጠየቃል፤ በዚያ ላይ የመመዝገቢያ፣ የመጻሕፍት፣ የዩኒፎርምና የሰርቪስ ይደመራል። በተጠራችሁ ቀን ይህን ሁሉ ልታሟሉ እንደምትችሉ አስቀድማችሁ እወቁ። «ሰኞ እንከፍላለን» ያለ ወላጅ ሰኞ ሲመጣ ቦታው ተይዞ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ብትገቡም የመጀመሪያው ተርም ሙሉ ይከፈል እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ለቀሩት ሳምንታት ብቻ ለማስከፈል ይስማማል። ልጁ ባይስማማውና ብታስወጡት ምን ያህሉ እንደሚመለስ ደግሞ በጽሑፍ ያስፈልጋችኋል። የዘንድሮው ጭማሪ ስንት እንደጸደቀም ጠይቁ። ጭማሪው ከወላጆች ጋር የተመከረበት ስብሰባ ላይ እናንተ አልነበራችሁምና ለነባሩ ልጅና ለእናንተ የተነገረው ዋጋ አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ክፍያው በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም በተቋሙ የቴሌብር መለያ ብቻ ይግባ። በግለሰብ ስም ወዳለ ሒሳብ፣ «ቦታ ላስይዝላችሁ» ለሚል ደላላ ወይም ሠራተኛ ገንዘብ አትስጡ። በዚህ መንገድ ገብቷል የተባለ ልጅ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ሳይኖር ሲቀር ገንዘቡን የሚያስመልስ ማስረጃ የለም። ደረሰኝ የማይሰጥበት «ልገሳ» ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። ያልተፈቀደ ክፍያ ከተጠየቃችሁ ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል፤ ካላችሁ ደረሰኙንና የጽሑፍ ማስታወቂያውን ይዛችሁ ሂዱ።

መልቀቂያው ገና ያልደረሰ ከሆነ «በጊዜያዊነት ይመዝገብ፣ በዚህ ቀን እናመጣለን» ብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙ። ብዙዎቹ ለሁለት ሳምንት ይታገሳሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ዘግይቶ የገባ ልጅ ክፍሉ ቀድሞ ተላምዷል፤ እሱ ብቻ ነው አዲሱ። ከክፍል ኃላፊዋ ጋር በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ አውሩ፦ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ምሳ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ፣ ሽንት ቤት ሲፈልግ ምን እንደሚል። ከአንድ ተግባቢ ልጅ አጠገብ እንድታስቀምጠው ጠይቋት።

ያመለጠውን ትምህርት ለማወቅ የአንድ ጎበዝ ተማሪ ደብተር ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ተውሳችሁ ፎቶ አንሱ። ሁሉንም እንዲገለብጥ አታስገድዱት። ሒሳብና የንባብ ምዕራፎቹ ላይ አተኩሩ፤ ቀሪውን እየቀጠለ ይደርስበታል። ከክልል የመጣ ልጅ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚሰጠው አፋን ኦሮሞ አዲስ ሊሆን ስለሚችል መምህሩን ከየትኛው ገጽ መጀመር እንዳለበት ጠይቁ። ዩኒፎርሙ እስኪሰፋ ድረስ በሌላ ልብስ እንዲገባ የፈቃድ ወረቀት ያዙ፤ ካለዚያ በር ላይ ይቆማል።

ቦታው ባይገኝስ?

ለናርሰሪና ለኤልኬጂ ልጅ እስከ የካቲት ወይም እስከ ከርሞ ቤት መቆየት ጉዳት የለውም። 1ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ልጁን ቤት አታስቀምጡ። የዓመቱ ውጤት የሁለቱ ሴሚስተር አማካይ ስለሆነ የመጀመሪያው ሴሚስተር ማርክ የሌለው ልጅ የካቲት ላይም የሚቀበለው ትምህርት ቤት ያጣል። በአቅራቢያችሁ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አስገቡት፤ የተማሪዎች ምገባ ፕሮግራሙ ቁርስና ምሳ ያበላል፤ አንዳንዶቹም ከብዙ የግሉ የተሻለ ግቢና ሜዳ አላቸው። በመስከረም ውስጥ ሂዱ፤ እነሱም ጋ ቢሆን ጥቅምት ላይ ክፍሉ ይሞላል።

ከዚያ ጥር መጀመሪያ ላይ ለስድስቱ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውን «ለሁለተኛው ሴሚስተር» ብላችሁ አድሱ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ እንደወጣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አያይዙ። የካቲትም ካልተሳካ መጋቢት ላይ በየበሩ ዞራችሁ የከርሞው ምዝገባ የሚጀምርበትን ቀን ጠይቁ፤ ቀኑ ካልተወሰነ የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል ካለ ስሙን ከሬጅስትራሩ ተቀበሉ፤ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚወጣው እዚያ ነው።